ከዋዜማው ያለቀ እራት፣ ሥጋ ለሚበላም ለማይበላም

ሳሎን ውስጥ ሳቅ ይሰማል፤ እኔ ፊቴን ወደ ምድጃው አዙሬ ዘይት ይፈናጠርብኛል። ፓስታው እንዳይልም፣ ሶሱ እንዳያርር ከአንዱ ድስት ወደ ሌላው እሯሯጣለሁ። "ኧረ ነይ ተቀመጪ፣ አንቺን ብለን አይደል የመጣነው?" ይሉኛል። "መጣሁ፣ መጣሁ" እላለሁ። በመጨረሻ ሳህኔን ይዤ ስቀመጥ ሁሉም በልተው ጨርሰው ነበር።

በዚያው ማታ ከዚህ የባሰም ሆነ። ከጓደኞቼ አንዷ ሥጋ አትበላም። ይህን ስለማውቅ ለእሷ ብዬ የአትክልት ሾርባ ሠርቻለሁ፤ ነገር ግን የሠራሁት በዶሮ መረቅ ነው። ሥጋው ራሱ እስካልገባበት ድረስ ምን ችግር አለው ብዬ ነበር። ጎንበስ ብላ፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙ ድምጿን ቀንሳ፣ "ይቅርታ፣ መረቁ ምንድን ነው?" አለችኝ። እውነቱን ነገርኳት። ሳህኑን ቀስ አድርጋ ወደ ጎን ገፋችና ዳቦና ሰላጣ እየበላች ጨዋታዋን ቀጠለች። እንግዳዬ ሳትጠግብ ከቤቴ መውጣቷ ብዙ ቀን ከአእምሮዬ አልወጣም።

ከዚያ ወዲህ ቤተኛ እንግዶችን ስጠራ ሁለት ነገር አልለቅም። አንደኛው፣ የገበታው ዋና ምግብ ለሁሉም ሰው ሥጋ የሌለበት ነው። ሥጋ ካስፈለገ ለብቻው በሌላ ሳህን ከጎን ይቀርባል። ሁለተኛው፣ ያ ዋና ምግብ በዋዜማው ተሠርቶ ያልቃል፤ በዕለቱ የሚቀረኝ ማሞቅና ማጣፈጥ ብቻ ነው። ሁለቱ እርስ በርስ ይረዳዳሉ። ጥራጥሬ ሲያድር ይጣፍጣል፤ የተጠበሰ ሥጋ ግን ሲያድር ይደርቃል፣ ሲሞቅም ጠረኑ ይለወጣል። ለአንዲት ጓደኛዬ ብዬ የጀመርኩት ነገር ለእኔም ሥራ አቀለለልኝ።

ድሮ ሥጋ ለማይበላው ሰው ትንሽ ድስት ለብቻ እጥድ ነበር። አሁን ይህን አላደርግም፤ ማንንም አልመክርምም። አንደኛ፣ ሰውየው ሁሉም ፊት ልዩ አስቸጋሪ እንግዳ ይመስላል። ሁለተኛ፣ ያቺ ትንሽ ድስት ሁልጊዜ ቀድማ ታልቃለች። ሥጋ የሚበሉት ሁሉ "እስቲ ይቺን ልቅመሳት" እያሉ አንድ አንድ ማንኪያ ሲያነሱ፣ የተሠራችለት ሰው ደርሶ ድስቱን ባዶ ያገኘዋል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

የሚያድር ምግብ ለመምረጥ አንድ ቀላል መለኪያ አለኝ፦ ነገ ሳሞቀው ትንሽ ውሃ ጨምሬ ላስተካክለው እችላለሁ? ከቻልኩ ያድራል። ሾርባ፣ በሶስ የበሰለ ጥራጥሬና በኦቨን የሚጋገር ላዛኛ ሁሉም ይህን ያልፋሉ። ተጠብሶ መንኮሽኮሽ ያለበት ነገር አያልፍም። ከሶሱ ጋር ተደባልቆ ያደረ ፓስታም እንደዚያው፤ ሌሊቱን ሶሱን ሁሉ መጥጦ ያብጣል፣ ጠዋት አንድ ላይ ተጣብቆ ታገኙታላችሁ። ድንች ፍሪጅ ውስጥ ያድራል፤ ፍሪዘር ከገባ ግን ሲቀልጥ ውሃ ያዘለና የሚፈረካከስ ይሆናል።

ደጋግሜ የምሠራው ሽምብራ በቲማቲም ነው። ቅቤም ወተትም ስለማይገባበት የእንስሳት ውጤት ጨርሶ ለማይነካ እንግዳም ይሆናል። ለስድስት ሰው ግማሽ ኪሎ ደረቅ ሽምብራ ይበቃል፤ ሲበስል ክብደቱ ከእጥፍ በላይ ስለሚሆን በመጠኑ አትደናገጡ። እንግዶቹ ቅዳሜ ማታ የሚመጡ ከሆነ ሐሙስ ማታ ብዙ ውሃ አድርጌበት ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ እጨምርና እዘፈዝፈዋለሁ። ሶዳው የሽምብራውን ቆዳ ያለሰልሰዋል። ዓርብ ማታ የተዘፈዘፈበትን ውሃ ደፍቼ፣ በደንብ አለቅልቄ፣ በአዲስ ውሃ እጥደዋለሁ። ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። መብሰሉን የማውቀው አንዱን ፍሬ አውጥቼ በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ ስጫነው ነው፤ ያለ ትግል ሟሽሾ መሃሉ ላይ ምንም ጥሬ ነጥብ ካልቀረ ደርሷል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተውን ስህተት እኔም ሠርቻለሁ። ጊዜ ላተርፍ ብዬ ሽምብራውን ገና ሳይለሰልስ ከቲማቲሙ ጋር አንድ ላይ ጣድኩት። ሦስት ሰዓት ሙሉ ተንተክትኮም ጥርስ ላይ ቀጭ ይል ነበር። የቲማቲም አሲድ የጥራጥሬን ቆዳ አጥብቆ ይይዘዋል፤ አንዴ ከገባ በኋላ እሳት ብትጨምሩም ቶሎ አይመለስም። ምስርም ሆነ ቦሎቄ እንደዚሁ ነው። መጀመሪያ በውሃ ይለስልስ፣ ቲማቲም፣ ሎሚና ኮምጣጤ ከዚያ በኋላ ይግቡ።

ሽምብራው እየበሰለ ሳለ በሌላ ድስት ሦስት ትልልቅ ሽንኩርት ክትፍ አድርጌ በዘይት፣ በለስላሳ እሳት አቁላላለሁ። ይህኛው ላይ አትቸኩሉ። ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም 40 ደቂቃ ስጡት። ሽንኩርቱ መጀመሪያ ውሃ ያወጣል፣ ከዚያ ውሃውን ይጨርሳል፣ ቀጥሎ ዳር ዳሩ ወርቃማ መሆን ሲጀምር የኩሽናው ሽታ ራሱ ይለወጣል። ያኔ አምስት ፍሬ ነጭ ሽንኩርትና የአውራ ጣት የሚያህል ዝንጅብል ወቅጬ እጨምራለሁ። ሁለት የሾርባ ማንኪያ የቲማቲም ድልህ ይከተላል። ድልሁን ዝም ብላችሁ ውሃ አትጨምሩበት፤ ዘይቱ ውስጥ እያማሰላችሁ ቀዩ ቀለሙ ወደ ሸክላ እስኪጠቁርና ዘይቱ ዳር ዳር እስኪለይ ቆዩ። ጥሬ የቆርቆሮ ጣዕሙ የሚጠፋው እዚያ ላይ ነው። ሁለት ሁለት የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ከሙንና ድንብላል፣ ትንሽ ቁንዶ በርበሬ፣ ቀጥሎ አንድ ኪሎ የተከተፈ ቲማቲም። ቲማቲሙ 20 ደቂቃ ያህል ከበሰለ በኋላ ሽምብራውንና ከመቀቀያ ውሃው ሁለት ሦስት ኩባያ ጨምሬ፣ ጨው አድርጌ፣ ሌላ ግማሽ ሰዓት እተወዋለሁ። መጨረሻ ላይ አንድ ጭልፋ ሽምብራ በማማሰያ ጀርባ ድስቱ ግድግዳ ላይ ፈጭቼ እመልሰዋለሁ፤ ሶሱን የሚያወፍረው እሱ ነው።

ቅዳሜ ክዳኑን ስትከፍቱ የተበላሸ እንዳይመስላችሁ። ሶሱ ረግቶ ማንኪያ ቀጥ አድርጎ ያቆማል፣ ላዩ ላይ ብርቱካናማ ዘይት ይጋገራል። አንድ ኩባያ ፍል ውሃ ጨምራችሁ በለስላሳ እሳት ስታማስሉት ይፈታል። ከዚያ ቅመሱት። ሽምብራው ሌሊቱን ጨው ስለሚመጥ ትናንት ልክ የነበረው ዛሬ አልጫ ይሆንባችኋል። ጨው አስተካክሉ፣ የአንድ ሎሚ ጭማቂ ጨምቁበት፣ ከእሳት ስታወርዱት አረንጓዴ ድንብላል በትኑበት። ሎሚውና ቅጠሉ ዓርብ ቢገቡ ኖሮ ቅዳሜ ጣዕማቸው በደበዘዘ ነበር።

ሽምብራውን በቀይ ቦሎቄ የምትለውጡ ከሆነ አንድ ጥንቃቄ አለ። በደንብ ያልበሰለ ቀይ ቦሎቄ ሆድን ክፉኛ የሚያውክ፣ የሚያስመልስ ንጥረ ነገር አለው። ቢያንስ አምስት ሰዓት ዘፍዝፉት፣ ውሃውን ድፉት፣ በአዲስ ውሃ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ በኃይል አንተክትኩት፤ ከዚያ በኋላ እሳቱን ቀንሳችሁ እስኪለሰልስ ማብሰል ትችላላችሁ። ቀስ ብሎ በሚያበስል የኤሌክትሪክ ድስት ከጥሬው አትጀምሩት፤ ሙቀቱ ንጥረ ነገሩን ለማጥፋት አይበቃም።

ሁለተኛው ምግቤ በምስር የተሠራ ላዛኛ ነው፤ ልጆች ካሉ እሱን እመርጣለሁ። 300 ግራም ድፍን ምስር መዘፍዘፍ አያስፈልገውም፤ 25 ደቂቃ ያህል በውሃ ቀቅሉትና አጥልሉት። ሁለት ሽንኩርት፣ ሁለት የተፈቀፈቀ ካሮትና ነጭ ሽንኩርት አቁላሉ፣ ድልህና 800 ግራም ቲማቲም ጨምሩ፣ ምስሩን መልሱበት። ለነጩ ሶስ 60 ግራም የገበታ ቅቤ አቅልጡ፣ 60 ግራም የፉርኖ ዱቄት ጨምራችሁ አንድ ሁለት ደቂቃ አማስሉ፣ አንድ ሊትር ወተት ጥቂት በጥቂት እያፈሰሳችሁ ምቱት። በዋዜማው ስለምትደረድሩት ሁለቱም ሶሶች ከወትሮው ቀጠን ይበሉ። ደረቁ የላዛኛ ቅጠል ሌሊቱን ስለሚመጠው መቀቀል አያስፈልግም፤ ይህ ብቻውን አንድ ድስትና ብዙ የተቃጠለ ጣት ያስቀራል። ሶስ፣ ቅጠል፣ ነጭ ሶስ እያላችሁ ደርድሩ፣ ላዩ ላይ ፎርማጆ ፈቅፍቁበት፣ ሸፍናችሁ ፍሪጅ አስገቡ።

በዕለቱ በ180 ዲግሪ መጀመሪያ ግማሽ ሰዓት በፎይል ተሸፍኖ፣ ከዚያ ተከፍቶ 25 ደቂቃ ያህል፣ ላዩ እስኪቀላ። ከወጣ በኋላ 15 ደቂቃ ሳትነኩት ይረፍ፤ ካለበለዚያ ሲቆረጥ ይፈስሳል። የመስታወት መጋገሪያ የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ከፍሪጅ አውጥታችሁ በቀጥታ በጋለ ኦቨን ውስጥ አታስገቡት። የእኔ መጋገሪያ እንግዶች በር ላይ ሳሉ ኦቨን ውስጥ ለሁለት ተሰነጠቀ፤ ስብርባሪ ገብቶበት ይሆናል ብዬ ምግቡን እንዳለ ጣልኩት። አሁን ወይ በብረት ትሪ እደረድራለሁ፣ ወይ መስታወቱን ቀድሜ አውጥቼ ብርዱ እስኪለቀው አቆየዋለሁ።

ሾርባ ላይ ብዙ የምለው የለም። ክክ ምስር፣ ካሮት፣ ሽንኩርት፣ ትንሽ እርድ፤ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይበቃዋል። ወፍራም ቢሆንባችሁ ውሃ ጨምሩ።

ሥጋ የሚወዱ ካሉ በዋዜማው የዶሮ ጭን በነጭ ሽንኩርት፣ በሎሚና በጥብስ ቅጠል አሽቼ ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጣለሁ። ቦታው የፍሪጁ የታችኛው መደርደሪያ ነው፤ የጥሬ ዶሮ ውሃ በበሰለ ምግብ ላይ መንጠብጠብ የለበትም። በዕለቱ ትሪ ላይ ደርድሬ በ200 ዲግሪ 40 ደቂቃ ያህል እጋግረዋለሁ፤ የውስጡ ሙቀት 74 ዲግሪ መድረስ አለበት። ገበታው ላይ ከሽምብራው ራቅ ብሎ፣ የራሱ ማንሻ ተደርጎለት ይቀመጣል። ለእያንዳንዱ ድስት የራሱን ጭልፋ መስጠት ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ሥጋ ለማይበላ ሰው ግን ዶሮ የነካ ጭልፋ ሽምብራው ውስጥ ገባ ማለት እራቱ አበቃ ማለት ነው።

አሁን ከመግዛቴም ከማብሰሌም በፊት ለእንግዳዬ አጭር መልእክት እልካለሁ። "ዓሣስ ትበያለሽ? እንቁላል፣ ወተት፣ ፎርማጆስ? የማይስማማሽ ነገር አለ?" ሥጋ አልበላም የሚሉ ሰዎች ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዳንዱ ወተትና እንቁላል ይበላል፣ ቪጋን የሆነው፣ ማለትም የእንስሳት ውጤት ጨርሶ የማይበላው፣ ግን ማር እንኳ አይነካም። መልሱ ሁለት መስመር ነው፤ የእኔን ያንን የሾርባ ማታ ሊያስቀርልኝ ይችል ነበር።

የታሸጉ ነገሮችን ጀርባ ማንበብም ያኔ ነው የጀመርኩት። የሾርባ ማጣፈጫ ኩብ ብዙ ጊዜ የዶሮ ወይም የበሬ ሥጋ ውጤት አለበት። ጄላቲን ከእንስሳት ቆዳና አጥንት ነው የሚሠራው፤ ስለዚህ የሚንቀጠቀጠው የፍራፍሬ ጄሊ ለእነሱ አይሆንም። እኔን በጣም ያስገረመኝ ፎርማጆ ነው። እውነተኛው ፓርሚጃኖ የሚረጋው ከጥጃ ጨጓራ በሚወጣ ማርጊያ ስለሆነ፣ ወተት የሚጠጡ ሆነው ፓርሚጃኖ የማይበሉ ሰዎች አሉ። ለላዛኛው ማሸጊያው ላይ ለቬጀቴሪያን እንደሚሆን የተጻፈበትን እገዛለሁ። መረቅ ካስፈለገኝ ደግሞ የሽምብራውን መቀቀያ ውሃ እጠቀማለሁ፤ ራሱ ወፍራምና ጣዕም ያለው ነው።

ምግብ ስታሳድሩ ግን አቀዛቀዙን አትናቁት። ትልቅ ድስት እንደሞላ ምድጃው ላይ ትቶ መተኛት ሳታስቡት የሰው ሆድ ያሳምማል፤ መሃሉ ለሰዓታት ለብ እንዳለ ይቆያል፣ ባክቴሪያ የሚራባውም በዚያ ሙቀት ነው። እኔ ጥልቀት በሌላቸው ሁለት ሦስት ዕቃዎች ከፋፍዬ፣ እንፋሎቱ ሲበርድ፣ ከወረደ ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ፍሪጅ አስገባለሁ። ፍሪጁ ከ5 ዲግሪ በታች መሆን አለበት። በማግስቱ ዳር ዳሩ ስለፈላ ብቻ አታውጡት፤ መሃሉም እስኪንተከተክ እያማሰላችሁ አሙቁት። የተረፈውን ሦስት ቀን፣ ቢበዛ አራት ቀን ውስጥ እንበላዋለን።

ሩዝ ላይ የበለጠ እጠነቀቃለሁ። ጥሬ ሩዝ ላይ ባሲለስ ሴሪየስ የሚባል ባክቴሪያ ዘር ሊኖር ይችላል፤ ዘሩ በማብሰል አይሞትም። የበሰለው ሩዝ ክፍሉ ውስጥ ለሰዓታት ከቆየ ባክቴሪያው ይራባና መርዝ ያመርታል፣ ይህን መርዝ ደግሞ እንደገና ማሞቅ አያጠፋውም። ስለዚህ ሩዝ አላሳድርም። በዕለቱ እንግዶቹ ሊደርሱ 40 ደቂቃ ሲቀር አጥቤ እጥደዋለሁ፣ ውሃውን ሲጨርስ እሳቱን አጥፍቼ ክዳኑን ሳልከፍት እተወዋለሁ። እሱም ካስቸገረ ጥሩ ዳቦ ይበቃል።

ሰላጣ ስል ደግሞ ለዚህ ሥራ የሚሆነው ጥቅል ጎመን ነው። የሰላጣ ቅጠል በሎሚና በጨው ከተለወሰ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ይጠወልጋል። ጥቅል ጎመን ግን በቀጭኑ ተከትፎ፣ በጨውና በሎሚ በእጅ ታሽቶ ጠዋት ቢሠራ እስከ ማታ ይበልጥ ይጣፍጣል። ከምግብ በኋላ ለማጣጣሚያ ብርቱካን ልጬ በክብ በክቡ እቆርጥና ቀረፋ ነስንሼበት ፍሪጅ ውስጥ አሳድራለሁ፤ የሚወጣው ጭማቂ ራሱ ሽሮፕ ይሆናል።

እንዲህ ከሆነ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሚቀረኝ ነገር ጥቂት ነው። እንግዶቹ ሊመጡ አንድ ሰዓት ሲቀር ኩሽናው ንጹሕ ነው፣ የታጠቡት ድስቶች ቦታቸው ገብተዋል፣ ሽምብራው በለስላሳ እሳት ላይ ነው። እኔም ፊቴን ታጥቤ ልብሴን እቀይራለሁ።

ያቺ ጓደኛዬ በሌላ ጊዜ ስትመጣ ሽምብራውን በቲማቲም ሠርቼ ጠበቅኳት። ሳህን ስታነሳ፣ ሳትጠይቀኝ፣ ከዶሮው በስተቀር ገበታው ላይ ያለው ሁሉ የእሷም እንደሆነ ነገርኳት። መረቁም የሽምብራው ውሃ መሆኑን ጨመርኩላት። ፈገግ ብላ ጭልፋውን አነሳች። ሁለተኛ ሳህን ስትደግም አጠገቧ ተቀምጬ እኔም ሁለተኛዬን እየበላሁ ነበር፤ ስትሄድ የተረፈውን በዕቃ አድርጌ ሰጠኋት። በማግስቱ "ዛሬ ደግሞ ከትናንቱም ይበልጣል" የሚል መልእክት ደረሰኝ።